ባዶው ሎህ

ጦርነቱ አልፎ ትምህርት ቤቱ በተከፈተ ሰሞን፣ ሸህ እንድሪስ የልጅ ልጃቸውን ኢቲሳምን እጇን ይዘው በሐይቁ ዳር ሲያዘግሙ ከመምህርት ራዚያ ጋር ተገጣጠሙ። ራዚያ ትንሽ ሳለች እሳቸው ዘንድ ቁርኣን የቀራች፣ ዛሬ የኢቲሳም አስተማሪ ናት። ልጅቱ ግን አስተማሪዋን እንደማታውቅ ሰላም ሳትላት ቆመች።

«አሰላሙ አለይኩም ሸህዬ! በደህና ነው በጧቱ?»

«ወአለይኩም ሰላም። እናንተው ዘንድ እየመጣሁ ነበር፤ ትምህርቱን ላስተዋት ነው። ያ ከባድ መሣሪያ ካጓራ ወዲህ ልቧ በርግጓል። መንገድ ያደናቅፋታል፣ ሰው አትለይም፣ ከሰሌዳ ፊደል አትይዝም። እቤት ትረፍ።»

ይህን ያሉት ወደው አልነበረም። ኢቲሳም የሟች ልጃቸው አደራ ናት፤ ተምራ ሰው ስትሆን ማየት ነበር ምኞታቸው።

«ዓይኗን አስመርምረዋታል?»

«ዓይኗን ምን ነክቶት!» ሸሁ ተቆጡ። «ሎህ ላይ የጻፍኩላትን አንድ ሐርፍ፣ አንድ ፊደል ሳትስት የምትቀራ ልጅ? ኸረ ተይኝ ራዚያ!»

ኢቲሳም ያንን የቁርኣን መቅሪያ እንጨት በብብቷ ይዛዋለች። ራዚያ ተቀበለቻትና ገልብጣ፣ ጽሑፍ የሌለበትን በታጠበ ቀለም የወየበ ጀርባውን ሰጠቻት። «እስቲ ቅሪልን፣ የኔ እመቤት።»

ልጅቱ ባዶውን እንጨት እንደ ወጉ ከፊቷ አርቃ ያዘች። ጣቷን ከቀኝ ወደ ግራ እያስኬደች በሌላው ገጽ የተጻፈውን ሱራ አንዲት ቃል ሳትስት አወረደችው።

«ሱብሃነላህ!» ሸሁ ምርኩዛቸውን ጣሉት። «ምኑን ነው የምትቀሪው?»

«አብረውኝ የሚቀሩት ልጆች ሲሉ የሰማሁትን። ሲጠጋ ይታየኝ ነበር፤ አባባ፣ እርስዎ ግን ሎህ ወደ አፍንጫ ማስጠጋት ነውር ነው ይላሉ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ሰው ሁሉ እንዲህ የሚያይ መስሎኝ።»

እውነቷን ነው፤ ጥርት ያለውን አይታ የማታውቅ ልጅ ጎደለኝ ብላ ምን ትናገር? ሸሁ ግን ግትር ናቸውና በቀላሉ አልተረቱም።

«መነጽር ዓይን ያሰንፋል ይባላል። ሴት ልጅም ናት፤ ነገ ማን ያገባታል?»

«ለመነጽሯ ብሎ የሚተዋት ባል ይቅርባት!» ራዚያ ሳቀች። «መነጽር ዓይን አያሰንፍም፣ ሸህዬ። ሳይታረም የቆየ የልጅ ዓይን ነው ሰንፎ የሚቀረው፤ ኋላ መነጽርም ላይረዳው ይችላል። ለዚህ ነው ልጅ ደህና ነኝ ቢልም ትምህርት ሲጀምር፣ ከዚያም በየጊዜው መታየት ያለበት። አማና፣ አደራ ይጠበቃል ብለው ያስተማሩን እርስዎ አይደሉ?»

ሸሁ በገዛ ቃላቸው ተያዙ። ምርኩዛቸውን አነሱና፣ «አብሽሪ፣ እወስዳታለሁ» አሉ።

ደሴ ወስደው አስመረመሯት፤ ከሩቅ አይታያትም ተባለና መነጽር ታዘዘላት። መነጽሩ ደርሶ፣ አድርጋው ሲመለሱ መኪናው ሐይቁ አጠገብ አወረዳቸው። ኢቲሳም አንድ እርምጃ ሄዳ ቆመች።

«አባባ! ውሃው ማዶ አለው እንዴ?»

«አለው እንጂ፣ ልጄ።»

«ያ ጥቁሩስ?»

«የእስጢፋኖስ ገዳም ዛፎች ናቸዋ።»

«ዛፍ ከሩቅም ቅጠል አለው?»

ሸሁ ቀና ብለው ወደ ማዶ ተመለከቱ። ዕድሜ ልካቸውን ለሶላት ውዱእ ያደረጉበትን ውሃ፣ ማዶውን ተራራ፣ ከላይ የምታንዣብበውን ወፍ፣ በልጅቱ ዓይን እንደ አዲስ አዩት። አጃኢብ! ይህ ሁሉ እዚሁ ነበር፤ አጠገቧ ተቀምጦ ለእሷ ግን አልነበረም። እንባቸው ጺማቸውን አራሰው።

ኢቲሳም ትምህርቷን ቀጠለች፤ መንገዱም አያደናቅፋትም፣ ሰላምታም ከሩቅ ትሰጣለች። ሸህ እንድሪስም ዛሬ ለሚቀራ ልጅ ሁሉ አይቶ ወይስ በቃሉ እንደሚቀራ ሊለዩ መጀመሪያ ባዶውን ሎህ ይሰጣሉ፤ ወላጁንም በየዓመቱ ዓይኑን አስመርምር ብለው ያስጨንቁታል። ሎህ ወደ አፍንጫው የሚያስጠጋ ልጅ ላይ የነበራቸውን የጥንቱን ቁጣም ትተዋል።

«አስጠጉት፣ ልጆቼ» ይላሉ። «ያስጠጋውን እኔ ራሴ ደሴ እወስደዋለሁ።»