ብቻውን ለወረደው ሰው አዲስ ጫማ

ግቢ ኦርኔላ፣ በሩን ጠንከር አድርገሽ ግፊው፤ እርጥበት ሲነካው አልገጥም ይላል። ለሩጫው ኮሚቴ ጥብጣብ ልትወስጂ ነው አይደል? ቀዩ አልቋል፣ ቢጫው አለ። እዚያ ጥግ ጫማ የሚለኩትን ደንበኛ አስተናግጄ እስክጨርስ ቁጭ በይና እናውጋ። የእናንተ ቲማቲም ቀላ? የኛ አረንጓዴውን እንደያዘ ቀረ። አረሙ ዋጠው፤ ቴሬንዚዮ እንደሆነ ጎንበስ ማለት አይችል…

ደህና ነው፣ ተመስገን። ጠዋት ጠዋት የጫማውን ክር እኔ አስርለታለሁ። ጫማ ሻጭ ማግባት ጥቅሙ ይኸው ነው።

ምን እያልኩሽ ነበር… አዎ፣ ሩጫው። ለቅዱስ ሮኮ በዓል ስንቱ እየተሰናዳ መሰለሽ። አንድ ሰው አለ፣ ስሙ ምን ያደርግልሻል፣ አምና ተራራው ላይ ጉልበቱ ዞሮበት ከርሞ ዘንድሮ ይመለሳል። እንዲህ ያለ ቆራጥ አይቼ አላውቅም። ሁሉን ነገር አዲስ ነው የሚገዛው። አሮጌ ነገር ዓይኑ እንዲያይ አይፈልግም… አሮጌ ጫማ፣ አሮጌ ካልሲ፣ አሮጌ ወዳጅ።

ጌታዬ፣ ጣትዎ ጫፉን ነካ? እስቲ ቆመው ይሞክሩት። ውስጡ የሚቆረቁርዎ ነገር አለ? የለም… እንደሌለ አውቄዋለሁ።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል። ያ ሰውዬ ግን አርፎ ተቀምጦ ነው የሚታጠቀው፣ ምን ሊፈታበት? ደንበኛችን የመረጡትን ይህን ሰዓት እይው እስቲ። የልብ ምት ይቆጥራል፤ ልብ ካገኘ ማለቴ ነው። የሄዱበትን መንገድ ሁሉ ይዞ ያስቀምጣል። ከማን ጋር እንደወረዱ ግን አይዝም፤ ፋብሪካው ረስቶት ይሁን ለደንበኛው አስቦ… እንጃ። ጃኬቱንም ያዢው። ከላባ ይቀላል፣ ትከሻ ላይ መኖሩ አይታወቅም። አስተዋይ ሰው ከባድ ነገር አይሸከምም፤ ለሱ የተፈጠረ ሞኝ ሞልቷል።

ታሪኩን ወይን ቤት ሲያወራው ሰምተሻል? እኔ በሰማሁት ቁጥር አለቅሳለሁ። ከጫፉ መልስ፣ ያ ድንጋዩ የሚንሸራተትበት ቁልቁለት ላይ ወድቆ ቆሰለ። ጭጋግ ነው፣ ሰው የለም። ጥርሱን ነክሶ፣ አንድ እግሩን እየጎተተ፣ ብቻውን እስከ ድልድዩ ወረደ። ይህን ሲሰማ አንድ መለኪያ ግራፓ አረቄ የማይጋብዝ ማን አለ?

እኔን ቂሏን ግን ምን እንደገረመኝ ልንገርሽ? የዚያኑ ቀን የቴሬንዚዮን ሸሚዝ ሳጥብ ጀርባው በደም ተለውሷል። እሱ የትም አልቆሰለም። ሦስተኛ ሆኖ ሲወርድ የሰው ጩኸት ሰምቶ ሽቅብ ተመለሰ ያሉኝ ነበሩ፤ ግን በጭጋግ ውስጥ ምን ይታያል? ያ ተራራ የሚደማ ዛፍ አብቅሎ ይሆናል። ወገቡም በዚያው ቀን መቀጨቱ… ብርድ ነው መቼም። ሐኪሙ «ምን ከባድ ነገር ተሸክመህ ነው?» ቢለው ዝም። ዛሬም ዝም። «ተይ ኒቬስ፣ ሰውየው ራሱ ይናገራል» ይለኛል። ይኸው ዓመቱ።

የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል ይሉ ነበር። በእኛ ሸለቆ ጭብጨባ ነው የሚበዛበት። ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነውም ይላሉ… እሺ፣ መድኃኒቱ ከተዋጠ በኋላ ብልቃጡን ማን ያስቀምጣል?

እኔ ያልገባኝ ራሱ ቅዱስ ሮኮ ነው። ቤተ ክርስቲያን ያለውን ሐውልት አይተሽው የለ? ልብሱን ገልጦ የጭኑን ቁስል ያሳያል፤ ከእግሩ ሥር ደግሞ ዳቦ ያመጣችለት ውሻ ቆማለች። ውሻዋን ምን አስፈለገው? ብቻዬን ዳንኩ ቢል ማን ሊጠይቀው? ቀራጩም እንጨት ይተርፈው ነበር። የድሮ ቅዱሳን ዓለማቸውን አያውቁም።

ስለ ደወሉስ ምን አሰባችሁ? አንቺ ኮሚቴ ነሽ፣ እኔ ምኑን አውቄ። ደንባችን፣ አምና ሰው ከተራራ ተሸክሞ ያወረደ ዘንድሮ የሩጫውን ደወል ይደውላል ነው። ማንም ማንንም አላወረደም ከተባለ እንግዲህ ራሱን ያወረደው ይደውላላ፤ ፍርድ ነው። ዛሬ ማታ ትወስናላችሁ አሉ። እስከዚያ አንድ ሰው አንዲት ቃል ቢተነፍስ ይበቃ ነበር። ቴሬንዚዮ መሮጡስ ቀርቶበታል… ያቺን ገመድ መሳብ ብቻ ነበር የቀረው። ለሷ እንኳ ጎንበስ ማለት አያስፈልግም።

ቆይ፣ አትነሺ ኦርኔላ፤ ደንበኛችን አንድ ነገር ሊናገሩ ነው። አቤት ጌታዬ… ዋጋውን ነው? እኔ ደግሞ ሌላ ነገር መስሎኝ። ጥብጣብሽን ያዢ እህቴ፣ ኮሚቴው እንዳይጠብቅሽ። የሚሰማውን ሰምተሻል።

እንዴታ ጌታዬ፣ ሁሉንም በአንድ ከረጢት አድርጌልዎታለሁ። ፊሽካውንም ጨምሬያለሁ፤ ደንቡ ያስገድዳል። ሲነፉት ሰው ይመጣል፤ መቼም የሚመጣ አይጠፋም። እንግዲህ መርቄ ልሸኝዎ። በጤና ይሩጡበት። እግርዎን ከድንጋይ ይጠብቅልዎ። ለሽምግልና ያብቃዎ… ያኔ ጉልበት ሲከዳ፣ ደረጃው ሲከብድ፣ ከአልጋ የሚያነሳ እጅ ሲያምርዎ፣ ልጆችዎ ሁሉ ቁርጥ አባታቸውን ይሁኑልዎ።