እመቤቲቱ የምታየው ሩዝ

(ፎገራ፣ ከሰዓት በኋላ። መብራት ከትናንት ጀምሮ ጠፍቷል። ከዓረብ አገር የተመለሰችው ትርንጎና አፏ የማያርፈው ታናሽ እህቷ አትጠገብ፣ አንድ ጣሳ ሩዝና ባዶ ድስት መካከላቸው አስቀምጠው ምድጃው ዳር ተፋጠዋል።)

አትጠገብ፦ አሁን ይኼን ስልክ ቀጥ አድርገሽ ትይዥልኛለሽ ወይስ ከምሰሶው ጋር በገመድ ልሰረው?

ትርንጎ፦ እሰሪው። እኔ አልቀርጽም ብያለሁ፣ አልቀርጽም።

አትጠገብ፦ እታለም፣ ቪዲዮው እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ካልደረሰ የዓረብ አገሯ እመቤት ሌላ ሠራተኛ ትመርጣለች ብሎኛል ደላላው። ሩዝ ስቀቅል ማየት ነው የፈለገችው። ፊቴን፣ እጄን፣ ድስቱን። ሰርግ ቅረጪ አልተባልሽ!

ትርንጎ፦ ትምረጣ ሌላ።

አትጠገብ፦ ያንቺ የሩዝ ማብሰያ ማሽን ቢሠራ ማን ይለምንሽ ነበር? ሩዝ መጨመር፣ ውኃ መጨመር፣ ቁልፉን ቀጭ ማድረግ። መብራት ለሌለበት ቤት ያን ሁሉ አገር ተሸክመሽው መጣሽ። ይኸው ዶሮዋ ወንበር አደረገችው።

ትርንጎ፦ ማሽኑን እርሺው። እንግዳ ሲመጣ ዓረቦቹም በማሽን የበሰለ አይወዱም። በትልቅ ድስት ነው፣ አንዱ ፍሬ ካንዱ ሳይጣበቅ።

አትጠገብ፦ እንዴት ነው ሳይጣበቅ የሚበስለው?

ትርንጎ፦ አልነግርሽም።

አትጠገብ፦ አራት ዓመት ሙሉ ሩዝ ስትቀቅዪ ኖረሽ ለእህትሽ መንገር ከበደሽ! እኔ ከየት ልወቀው? እኛ ቤት እንደሆነ ዘርተን፣ አርመን፣ አጭደን ደህና ደህናው ገበያ ይወጣል። ስብርባሪው ከጤፍ ጋር ተፈጭቶ እንጀራ ይሆናል። ባለፈው ልቀቅል ብዬ ገንፎ ሆነብኝ። ውሻው እንኳ አሽትቶት ሄደ።

ትርንጎ፦ ጎበዝ ውሻ።

አትጠገብ፦ ሳቂ፣ ሳቂ። ከፋሲካ በኋላ ለአያ ይርሳው ሲድሩኝ ደግሞ እልልታውን ታቀልጪዋለሽ።

ትርንጎ፦ አባባን እለምነዋለሁ ብዬሻለሁ።

አትጠገብ፦ ለምነሽው የለ? ጥሎሹን ተቀብሏል፣ ቀኑም ተቆርጧል። ሰውዬው ከአባባ ይበልጣል! ጥርሱን ቁጠሪ ብባል አንድ እጄ ይበቃኛል። ሁለት ሚስት ቀብሯል፣ እታለም። እኔ ሦስተኛዋን አልሆንም።

ትርንጎ፦ አንቺ እኮ ገና አሥራ ስድስትሽ ነው።

አትጠገብ፦ በፓስፖርቱ ሃያ ሦስት። እኔ ስንት ዘመን ተጎትቼ አምስተኛ ክፍል ደረስኩ፣ ደላላው በአንድ ቀን ሰባት ዓመት አሳደገኝ።

ትርንጎ፦ አትቀልጂ።

አትጠገብ፦ ካልቀለድኩማ ላለቅስ ነው። የቱ ይሻልሻል?

ትርንጎ፦ እስቲ ተቀመጪ። ስንዱን ታስታውሻታለሽ?

አትጠገብ፦ አብራሽ የሄደችውን፣ የእማ ደብሬን ልጅ? ነፍሷን ይማረውና፣ ምን ሆነች?

ትርንጎ፦ በትኩሳት አይደለም የሞተችው።

አትጠገብ፦ አንቺው አይደለሽ እንዴ ልቅሶው ላይ ለእናቷ የነገርሻት?

ትርንጎ፦ ዋሸሁ። በገባች በሦስተኛው ቀን እንግዳ ይመጣል፣ ሩዝ ሥሪ ተባለች። ቋንቋ አታውቅ፣ የሚያሳያት ሰው የለ። እንደ እናቷ ቤት አደረገችው። ለቀመችው፣ አጠበችው፣ በረንዳው ላይ አሰጣችው። ሲደርቅ ከረጢቱን ሙሉ በእመቤቲቱ መፍጫ ፈጨችው። አቡክታ ጠበቀቻቸው።

አትጠገብ፦ ለእንግዳው ሊጥ! ... ይቅር በይኝ፣ አፌ ነው።

ትርንጎ፦ እመቤቲቱ በረንዳው ላይ አውጥታ በሩን ቆለፈችባት። ያንን ፀሐይ አታውቂውም። ውኃ የለ፣ ጥላ የለ። በሁለተኛው ቀን የልብስ ማስጫውን ገመድ ፈትታ ልትወርድ ሞከረች። አራተኛ ፎቅ ነበር።

አትጠገብ፦ አንቺ ሌላ ቤት አልነበርሽ? ስታቦካ፣ ስትፈጭ፣ ይኼን ሁሉ ማን ነገረሽ?

ትርንጎ፦ የጎረቤት ሠራተኛ።

አትጠገብ፦ እኔን እያየሽ ንገሪኛ። መሬት መሬቱን ምን ታያለሽ?

ትርንጎ፦ ሩዝ ሥሪ የተባለች ዕለት ጠዋት ደውላልኝ ነበር። ሽንት ቤት ተደብቃ፣ በሹክሹክታ። «ሩዙን ምን ላድርገው?» አለችኝ።

አትጠገብ፦ ምን አልሻት?

ትርንጎ፦ ሳቅሁባት። «የፎገራ ልጅ ሆነሽ ሩዝ ጠፋሽ?» አልኳት። የኔዋ እመቤት ስትጠራኝ ዘጋሁት። በኋላ እደውላለሁ ብዬ።

አትጠገብ፦ ደወልሽ?

ትርንጎ፦ ማታ ደወልኩ። የሚያነሳ የለም። አሁን ገባሽ? ሩዝ የማታውቅ ልጅ አይወስዱም። አላስተምርሽም፣ አልቀርጽሽም፣ እዚሁ ትቀሪያለሽ።

አትጠገብ፦ እዚሁ ማለት አያ ይርሳው ቤት።

ትርንጎ፦ በሕይወት ትኖሪያለሽ!

አትጠገብ፦ የቀበራቸውም ሲገቡ በሕይወት ነበሩ። ስሚኝ እታለም፣ ወረታ ሻይ ቤት የምትሠራው ጓደኛዬ ትቀቅላለች፣ እኔ ማማሰያ ይዤ ድስቱ ጋ ቆሜ እቀረጻለሁ። ደላላው ምን ቸገረው? እሄዳለሁ። ከዚያ አንድ ቀን እንግዳ ይመጣል፣ ሩዝ ሥሪ ይሉኛል። ተደብቄ የምደውለው ላንቺ ነው። ያኔ ምን ትዪኛለሽ?

ትርንጎ፦ ... እጅሽን ታጠቢ። ሩዙን ውኃው ኩልል እስኪል እያሸሽ እጠቢው። ከዚያ ጣትሽን ከሩዙ ላይ አቁሚ፤ ውኃው የመጀመሪያው አንጓ ላይ ይድረስ፣ ከዚያ አይለፍ።