የጋሽ ትሪፎን የዓመቱ ቃል

— ሄሎ!... ሄሎ፣ ማን ልበል?... ውይ፣ ዶክተር ኔቬና! እንዴት ከረሙ? አዎ፣ ስቪለን ነኝ፣ ዳኑብ ድልድይ አጠገብ ከባብቼ፣ ያን የተፈጨ ሥጋ፣ ጠባሹ። ዓመት ሞላን ማለት ነው?

— አዎ፣ ያ ስለ አውሮፓ ኅብረት በየዓመቱ የሚጽፉት መጽሐፍ። ዘንድሮስ ኅብረቱ ምን ሆነ?... እኔን ነው የሚጠይቁት? ኧረ ምሁሯ እርስዎ! እኔ ከስምንተኛ ክፍል ወዲያ ትምህርት ቤት የገባሁት ድምፅ ልሰጥ ብቻ ነው።

— እሺ፣ ይጻፉ። ከጥር ወዲህ ድልድዩ ላይ ፓስፖርት የሚጠይቅ የለም። አምና የጭነት መኪናው ሰልፍ እኔ በር ድረስ ይደርስ ነበር፤ ሾፌሩ መጠበቅ ሲሰለቸው ከኔ ገዝቶ ይበላል። አሁን በክላክስ ሰላም ብሎኝ ድልድዩን ተሻግሮ ሮማኒያ ይገባል... አይ፣ አልተጎዳሁም። እሁድ እሁድ ሮማኒያዎቹ ልጆቻቸውን ይዘው ይመጣሉ። ተቀምጠው ነው የሚበሉት። ወንበር ገዛሁ ስልዎት!

— ጋሽ ትሪፎን?... ያ በየዓመቱ ከኔ ቀጥሎ በስልክ የሚያናግሩዎት ሽማግሌ?... እ... አሉ። ትንሽ ጉንፋን ነገር... አክስቴ፣ አትሳቂ፣ ስልክ ላይ ነኝ!

— ምን? ቅዳሜ ይመጣሉ?... መጽሐፉን በእጃቸው ሊሰጧቸው?... የውጭ አገር ፕሮፌሰሮች ስለሳቸው ጠየቁ?... ጉድ ፈላ።

— ምንም አላልኩም። ሄሎ? ይሰሙኛል?... የዘንድሮው ጽሑፍ መቼ ነው ማተሚያ ቤት የሚሄደው?... ዛሬ አሥር ሰዓት?!... አውቃለሁ አክስቴ፣ እየነገርኳቸው ነው!

— ዶክተር፣ ተቀምጠዋል? ጋሽ ትሪፎን የሉም... ኧረ አልሞቱም! አልተወለዱም። ስልኩን በፎጣ ሸፍኜ ድምፄን ሳወፍር የነበርኩት እኔ ነኝ... ሦስቱንም ዓመት... ሳሉንም እኔ ነኝ የሳልኩት።

— ሄሎ?... ዶክተር?... አሉ?

— አዎ፣ አውቃለሁ፣ የአምናውን መጽሐፍ አክስቴ አንብባልኛለች። "አሮጌው ትውልድ ድንበሩ ይቆይ ይላል፣ ወጣቱ ይከፈት ይላል።" አሥራ ሁለት ገጽ ሙሉ... አዎ፣ አሮጌው ትውልድም እኔ፣ ወጣቱም እኔ። ከራሴ ጋር ነው የተጣላሁት።

— እየሳቁ ነው ወይስ እያለቀሱ?... ኡፍ፣ ተመስገን።

— ለምን? መጀመሪያ ለቀልድ ነበር። ደግሞ የኔን ወሬ ማን ይጽፈዋል ብዬ። ሽማግሌ ሲናገር ግን እስክሪብቶዎ ሲሮጥ ይሰማኝ ነበር... የትኛውን ነው የማምነው? ሁለቱንም። ጠዋት ባዶውን መንገድ ሳይ ጋሽ ትሪፎን ነኝ። እሁድ ወንበሩ ሲሞላ ደግሞ ስቪለን።

— እንግደላቸው እንዴ? አንድ መስመር፣ "በቅርቡ አረፉ"... እሺ፣ እሺ፣ አይቆጡ።

— "ሰውየውን በአካል ሳላይ ጽፌያለሁ፣ ስህተቱ የኔ ነው" ብለው ሊጽፉ? በገዛ ስምዎ? ኧረ እኔ ላይ ያድርጉት! ባልደረቦችዎ ይስቁብዎታል... ይሳቁ?... ዶክተር፣ እርስዎስ ጀግና ነዎት።

— እስቲ ያንብቡልኝ... "ሁለቱም ሐሳብ የአንድ ሰው ነው"... "ዘንድሮ በድልድዩ አካባቢ ያለ ሰው ሁለት ልብ ነው"... ይሄማ ከአሥራ ሁለቱ ገጽ ይበልጣል!

— ስሜን?... የእውነት ስሜን?... አይ፣ ፈርቼ አይደለም። እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ስለሌለ ነው... ይጻፉ። ስቪለን ማሪኖቭ፣ ሃያ ሦስት ዓመት፣ ከባብቼ ጠባሽ። ይኸው ነው፣ ሌላ እንዳይጨምሩ።

— ላኩት? እሰይ!... ቅዳሜማ ይምጡ እንጂ!... ቻው ዶክተር፣ ቻው... አክስቴ! አክስቴ ጊንካ! ስሜ መጽሐፍ ውስጥ ገባ! እኔ ስቪለን፣ ያ አስተማሪው የማይረባ ያለኝ!...

— ውይ! ዶክተር፣ ስልኩን አልዘጉትም እንዴ?