የአባ በሺር ግራርና ቢጫው ሸማኔ ወፍ

አባ በሺር ምሳራቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ወደ ወንዙ ሲወርዱ፣ ለእረፍት ከደሴ የመጣችውን የወንድማቸውን ልጅ ራሂማን መንገድ ላይ አገኟት። ራሂማ ግብርና ተምራ ለመመረቅ የደረሰች ልጅ ናት።

«አሰላሙ አለይኩም አባባ። ምሳር ይዘው ወዴት ነው በጠዋቱ?»

«ወአለይኩም ሰላም ልጄ። ያን ግራር ልጥለው ነዋ! ግሪሳ ጎጆውን አንጠልጥሎበታል።»

ምስኪን፣ ይፈረድባቸዋል እንዴ? አምና ግሪሳ እንደ ደመና ወርዶ ማሽላቸውን አራቁቶታል፤ ዘንድሮም ከተበላ የሚቀምሱት የላቸውም። በመንደራቸው ደግሞ ማሽላው እሸት ሳይዝ የወፍ ጎጆ ያለበትን ዛፍ ሁሉ መጣል ከአባት የወረሱት ወግ ነው።

ራሂማ እጃቸውን ይዛ ከግራሩ ሥር አደረሰቻቸው። «እስቲ ልብ ብለው ይዩት። ግሪሳ ምንቃሩ ቀይ ነው። ይህ ግን ሰውነቱ ቢጫ፣ ፊቱ ጥቁር፤ ሸማኔ ወፍ የሚባለው ነው።»

«ወፍ ያው ወፍ ነው! እህል አይበላም ልትይኝ ነው?»

«አልዋሽዎትም፣ ጥቂት ይለቅማል። ጫጩቶቹን የሚያሳድገው ግን በትልና በፌንጣ ነው። ግራሩን ቢጥሉት ጫጩቶቹ ያልቃሉ፣ ትሉም ለማሽላዎ ይተርፋል። ግሪሳው እንደሆን ከቆላ ነው የሚመጣ፤ የእርስዎ ግራር ኖረ አልኖረ ምን ገዶት?»

አባ በሺር አልተዋጠላቸውም። ምሳሩን ሊያነሡ ሲሉ ግን አንዲት ሴት ወፍ መጥታ፣ ወንዱ በእርጥብ ሣር ሸምኖ ከጨረሰው ጎጆ ገባች፤ ወዲያው ወጥታ በረረች።

«ደግሞ ምን ሆነች?»

«የሚሠራው እሱ ነው፣ የምትመርጠው እሷ። ካልወደደችለት አፍርሶ እንደገና ይጀምራል።»

ሽማግሌው፣ አላህ ይዘንላትና ሚስታቸው መርየም ትዝ አለቻቸው። በሙሽርነቷ፣ አዲስ ከቀለሱት ቤት በር ላይ ቆማ «ነፋሱ ፊት ለፊት ይገባል፣ እዚህስ አላድርም!» ብላ አስፈርሳቸው ነበር። ሳቃቸው መጣ፤ እንባቸውም ተከተለ። እንዴት ናፍቃቸዋለች!

«እሺ፣ ለግሪሳውስ ምን ይበጃል?» አሉ ምሳሩን ሣር ላይ እያኖሩ።

«ማማ ላይ ተራ ገብተን እንጠብቃለን፤ መንጋው ብቅ ሲል ለግብርና ባለሙያው ቶሎ እንነግራለን። ግራሩ ከቆመ የወንዙ ዳር አይናድም፣ ከብቱ ጥላ አያጣም፣ ትሉንም እነዚሁ ይለቅሙልዎታል።»

«ወላሂ፣ እውነትሽን ነው። ለጎረቤቱም ራሴ እነግራለሁ።»

ከልጅ አፍ የወጣን ምክር መቀበል ትልቅነት እንጂ ውርደት አይደለም። አባ በሺር ወደ ላይ ቀና ሲሉ ቢጫው ወፍ ጎጆውን ሣር በሣር እየፈታ ነበር።

«አይዞህ ወንድሜ» አሉት፣ «ደግመህ ሥራ። የኔዋም የገባችው በሁለተኛው ነው።»