ጠባቂ ያጣው አንባቢ

ባለፈው ዓመት ዓይኔን ልመረመር መነጽር ቤት ሄጄ ተራ ስጠብቅ፣ አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ ጋሼ አራሚ ሆነው ተገኙ። ጋሼ በማተሚያ ቤት ሠላሳ ስምንት ዓመት የመጻሕፍት ረቂቅ ሲያርሙ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ ሰፈሩ ስማቸውን ትቶ በሥራቸው ይጠራቸዋል። ጤና ከተጠያየቅን በኋላ አብራቸው ስለምትኖረው የእህታቸው ልጅ ያማርሩልኝ ጀመር። ልጅቱ የኮምፒውተር ባለሙያ ናት። የዕረፍት ቀኗን ሁሉ የሰው ፕሮግራም ስትጠግን ትውላለች፤ ለዚያውም ያለ ክፍያ፣ ለዚያውም ባለቤቱ ስድስት ዓመት ዞር ብሎ ያላየውን።

«እርስዎ መምህር ነዎት፤ እስቲ ይምከሩልኝ» አሉኝ። ቅዳሜ ልመጣ ቃል ገባሁ። እውነቱን ለመናገር ግማሽ ልቤ ከእሳቸው ጋር ነበር።

ቅዳሜ ስደርስ ልጅቱ የምግብ ጠረጴዛው ላይ ኮምፒውተሯን ከፍታ ትሠራለች። ጋሼ በሌላው ጫፍ ጋዜጣ ላይ አጉሊ መነጽር ደፍተው ተቀምጠዋል። ተነሥታ ወንበር ሰጠችኝና ነገሩን ስጠይቃት ሳትቸኩል አስረዳችኝ። ፕሮግራም እየሠሩ ለማንም በነፃ የሚሰጡ በጎ ፈቃደኞች አሉ። በሺህ የሚቆጠሩ ትንንሽ ፕሮግራሞች በአንድ ትልቅ ስብስብ ውስጥ ተቀምጠዋል፤ እያንዳንዱም ሲበላሽ የሚያድሰው ጠባቂ አለው። እሷ የያዘችው በቋንቋችን የተጻፈውን ለዓይነ ስውራን ጮክ ብሎ የሚያነብ ነው። ስብስቡ ከአራት ወር በኋላ ወደ አዲስ እትም ይሸጋገራል፤ ከአዲሱ ጋር ያልተስማማ ፕሮግራም ከስብስቡ ይወገዳል።

ጋሼ አጉሊ መነጽሩን አስቀመጡ። «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል። ሰውየው በሕይወት እያለ አንቺ ምን ቤት ነሽ?»

«አጥሩን አልነቀነቅኩም፣ ጋሼ፤ በሩን ነው ያንኳኳሁት» አለች። ደንቡ እንደዚያ ነው፦ መጀመሪያ ለጠባቂው ይጻፍለታል፤ ሐሳቡ ሰው ሁሉ በሚያየው ቦታ ይለጠፋል፤ ሦስት ሳምንት ይጠበቃል። «አትንኩብኝ» ካለ ይተውለታል። ዝም ካለ የሚሠራ ሰው ይረከባል፤ የመጀመሪያው ሰው ስም ግን ከሠሪዎች ዝርዝር አይፋቅም።

ጋሼ አልረኩም። የተተወ ነገር በምክንያት ነው የሚተወው፣ አዲስ ሞልቶ የለም ወይ አሉ። ልጅቱ አንድ የታተመ ደብዳቤ አቀበለችኝና ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩት። የጻፈችው በአንድ ሆስፒታል ስልክ የምትቀበል ዓይነ ስውር ሴት ናት። «የሐኪሞቹን ስምና ተራ የሚያነብልኝ ይኸው ፕሮግራም ነው። ሌሎቹ ቋንቋችንን አያውቁም። እሱ ከቆመ እኔም ከወንበሬ መነሣቴ ነው» ይላል።

ጋሼ፣ «ብቻሽን ግን የማን ቤት ጠፍቶ የማን ይበጃል?» አሉ፤ ድምፃቸው ረገብ ብሎ ነበር።

«ብቻዬን አይደለሁም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ አይደል የሚባለው? እኔ አንዷን ሎሚ ነው ያነሣሁት።»

ልመክር ሄጄ ተመክሬ ተመለስኩ። ጋሼ ግን ባለቤቱ ቃሉን እስኪሰጥ አልቀበልም ብለው ጸኑ።

ልጅቱ ለጠባቂው በጻፈች በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ጋሼ ራሳቸው ደወሉልኝ። ስደርስ መልሱ መጥቶ ኖሮ ልጅቱ አነበበችልን። ሰውየው መንታ ልጆች ወልዷል፤ ሥራም ቀይሯል። የሚያማርር ደብዳቤ በመጣ ቁጥር ነገ አየዋለሁ ይላል፤ ነገ ሲመጣ ያፍራል፤ ባፈረ ቁጥር ደግሞ ለመክፈት ይፈራል። «ውሰጂው። አንድ ሰው እንዲጠይቀኝ ስጠብቅ ነበር። የማታውቂው ቦታ ካለ ጻፊልኝ» ብሎ ጨርሷል።

ጋሼ እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ አኑረው እንዲህ አሉ።

«እኔም እንደሱ ነበርኩ። ዓይኔ ሲደክም ሁለት ዓመት ሙሉ ለማንም አልተናገርኩም። ረቂቁን እቤት ወስጄ፣ በግምት አርሜ እመልስ ነበር። አንድ የልጆች መጽሐፍ ስሕተቱን እንደያዘ ወጣ። አንድ ሰው መጥቶ፣ ጋሼ፣ ልረከብዎት ወይ ቢለኝ ኖሮ እመርቀው ነበር።»

ልጅቱ ከወንበሯ ተነሥታ ትከሻቸውን አቀፈች። እኔ ወደ መስኮቱ አየሁ።

ትንሽ ቆይተው፣ «በይ እስቲ ይናገር፣ ልስማው» አሉ። ፕሮግራሙ ከጋዜጣው አንድ ዜና ማንበብ ጀመረ። «ዋና ጸሐፊው» የሚለው ላይ ሲደርስ «ና»ን አላልቶ አነበበው። ጋሼ ሳቃቸው አመለጣቸው። «መምህር፣ ጸሐፊውን ውሃ ውስጥ ከተተው እኮ! ዋነኛ መሆኑ ቀርቶ ዋናተኛ ሆነ።» ሦስታችንም ዕንባችን እስኪወርድ ሳቅን። ልጅቱ ችግሩ ከመጀመሪያው የነበረ መሆኑን ነገረችን፤ የትኛው ቃል እንደሚጠብቅ፣ የትኛው እንደሚላላ የሚያስተምረው ሰው አልተገኘም። ጋሼ ወረቀትና ወፍራም እርሳስ አስመጡ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ ጠረጴዛ ማተሚያ ቤት መሰለ። ልጅቱ ታስነብባለች፣ ጋሼ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ፣ «አጥብቂው» «አላይው» ይላሉ። ለማረም ዓይን ሳይሆን ጆሮ የሚበቃበት ሥራ አገኙ። አራት መቶ ያህል ቃላት ለቀሙ። የቀድሞው ጠባቂም መንታዎቹ ሲተኙለት እየጻፈ ልጅቱን ያስቸገራትን አንድ የፕሮግራሙን ቋጠሮ ፈታላቸው። ፕሮግራሙ ቀኑ ሳይደርስ ታድሶ ወደ ስብስቡ ገባ። የሆስፒታሏ ሴት ደውላ ለጋሼ ምን እንዳለቻቸው አልነገሩኝም፤ ያን ቀን ግን ጢማቸውን ተላጭተው ሰፈሩን ሁለት ጊዜ ሲዞሩ አይቻለሁ።

አንባቢዬ ሆይ፣ ከዚህ ቤት የተማርኩትን ልንገርህ። የጋራ የሆነ ነገር የሚጠፋው በክፉ ሰው ብቻ አይደለም፤ ይልቁንም ደክሞኛል ለማለት ባፈረና ልርዳህ ለማለት በፈራ ሰው መካከል ነው የሚጠፋው። በትሕትና የጠየቀ ሰው ሸክም ያቃልላል። የተረከበም አሮጌውን ዕውቀት ከነባለቤቱ ያገኛል። በዕድሜ የገፋው ሰው ቦታ ያገኛል፤ ዓይኑን ያጣውም እንጀራውን አያጣም።

አሁን ያንን የቃላት ዝርዝር የሚጠብቁት ጋሼ ናቸው። በዝርዝሩ አናት ላይ በራሳቸው ቃል ያስጻፉት እንዲህ ይላል፦ «ስደክም እነግራችኋለሁ። ሳልነግራችሁ ብቀር ጠይቁኝ፤ አልቀየማችሁም።»