እሺታ ያደከመው ሐኪም

በእንስሳት ሕክምና ቤቱ ውስጥ ወጣቷ ሐኪም ሬትኖ የታጠበውን የጎማ ቱቦ ውሃውን እያንጠፈጠፈች ትጠቀልላለች። እኔ ድመቴን በቅርጫት ይዤ አግዳሚው ላይ ተራ እጠብቃለሁ። የመጣሁት ለክትባት ነበር፤ የሰማሁት ክርክር ግን ከድመት ጉዳይ በለጠብኝና ጻፍኩት።

ፓክ ዋርሲቶ ሞተር ሳይክላቸውን እየገፉ ገቡ። በእኛ ዘንድ ትልቅ ሰውን ወንዱን ፓክ፣ ሴቷን ቡ የምንለው ለአክብሮት ነው። ሱሪያቸው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው። በመራፒ ተራራ ግርጌ ላሉ ስምንት መንደሮች ላሞች ሐኪም ሆነው ሃያ ስድስት ዓመት ሠርተዋል። ሬትኖ ከትምህርት ቤት ወጥታ አብራቸው መሥራት ከጀመረች ገና ሁለተኛ ዓመቷ ነው።

«ምን ሆኑ፣ ፓክ?»

«ምንም። ቦይ ውስጥ ገባሁ።»

«እየነዱ እንቅልፍ ወሰድዎት?»

«እንቅልፍ እንኳን አይባልም። ዓይኔን ትንሽ አሳረፍኩት።»

«ጎመን ማሳ ውስጥ!»

«ጎመኑ አልተቀየመኝም።»

እኔ ሳቅሁ፤ ሬትኖ አልሳቀችም። ከኪሷ የታጠፈ ወረቀት አወጣች። «ሰማራንግ ከተማ ያለ የዶሮ መኖ ፋብሪካ ሥራ ሰጥቶኛል። እስከ ሰኞ መልሺ ብለውኛል። እርስዎን ከመቅበር መሄድ ይሻለኛል።»

ሽማግሌው ቀስ ብለው ተቀመጡ። «ንዱክ» አሉ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ጥለሽኝ ልትሄጂ?»

«ዛሬ ብቻ አሥራ ሰባት ሰው ደወለ። ለአሥራ ሰባቱም እንጊህ አሉ።»

እንጊህ የትሕትና እሺታችን ነው። አንዳንዴ «ሰምቻለሁ» ማለት ነው፣ አንዳንዴ «አደርጋለሁ»፣ አንዳንዴም «እንዴት ብዬ እምቢ ልበልዎ»። ብዙዎቻችን ቃሉን ብለን ቤታችን እንቀራለን። ፓክ ዋርሲቶ ግን ካሉ ይሄዳሉ።

«እምቢ ልበል? ዋርሲቶ ኮራ ይሉኛል።»

«እምቢ አይበሉ፣ ይጠይቁ። ላሟ ቆማለች? ትበላለች? መቼ ጀመራት? የዛሬውን ከነገው የሚለየው መልሱ ነው።»

«ከብት የታመመበትን ሰው ልመርምረው? ፖሊስ ነኝ እንዴ?»

«ማክሰኞ ዕለት ጥጃው ለምን ሞተ?» አለች ሬትኖ። «እርስዎ ማዶ ሄደው ቀንዷ የተላጠ ላም ያያሉ። እኔ ሌላ መንደር እርስዎ እንጊህ ያሉትን ሌላ ሰው ላም አያለሁ። ያቺ ምጥ የያዛት ላም ሁለት ሰዓት ጠበቀችን።»

 የፓክ ዋርሲቶ ስልክ ጮኸ። ቡ ፓይነም ናቸው፣ ከላይኛው መንደር፤ ላማቸው ትስላለች።

«እንጊ...» ሬትኖ ሦስቱን ጥያቄዎች ልታስታውሳቸው ሦስት ጣቷን አነሳች። ሽማግሌው ቃሉን ዋጥ አደረጉት። «ይቅርታ፣ ቡ ፓይነም... ላሚቱ ቆማለች?»

«ቆማለች እንጂ!» የሴትዮዋ ድምፅ ለእኔም ይሰማል።

«ትበላለች?»

«ሣሩን ጨርሳ እኔን ልትበላኝ ነው።»

«ሳሉ መቼ ጀመራት?»

«ከበዓሉ ወዲህ ነው።»

ፓክ ዋርሲቶ ላብ አላባቸው። «እንግዲያው... ነገ ጠዋት ብመጣስ?»

«ነገማ በጣም ጥሩ! ዛሬ ገበያ ልሄድ ነበር። ሳልነግርዎ ብቀር ይቀየማሉ ብዬ እኮ ነው። ባለፈውም እንጊህ ሲሉኝ አይምጡ ማለት አፈርኩና ገበያዬን ትቼ ጠበቅኩዎት።»

ስልኩ ተዘጋ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ሰዎቹ እሳቸው እንዳይቀየሙ ይደውላሉ፣ እሳቸው ሰዎቹ እንዳይቀየሙ ይሄዳሉ። ፓክ ዋርሲቶ ይህን ሲረዱት ከልባቸው መሳቅ ጀመሩ፤ ሳይጨርሱ ስልኩ እንደገና ጮኸ። ከታችኛው መንደር ፓክ ካርዮ ነው፤ ላሙ አምጣለች፣ ጥጃው አንድ እግሩን ብቻ አውጥቶ ቀርቷል።

«ቆማለች?»

«ወድቃለች!»

«መጣን!»

ሬትኖ ነዳች፤ ሽማግሌው ከኋላዋ ተፈናጠጡ። ወደ ላይኛው መንደር ሄደው ቢሆን ከአንድ ሰዓት በፊት ባልደረሱ። አሁን የደረሱት በአሥር ደቂቃ ነው። ሲመለሱ ጩኸታቸው ከመንገድ ጀምሮ ተሰማኝ፤ «ሴት ናት! ቆማ ጠባች!» ሁለቱም እስከ ብብታቸው ደም በደም ሆነው፣ ፓክ ካርዮ የሰጣቸውን ትኩስ የተቀቀለ ካሳቫ እየተሻሙ ገቡ።

«ንዱክ» አሉ ሽማግሌው አፋቸው ሞልቶ፤ «ለፋብሪካው እንጊህ እንዳትዪያቸው።»

አላለቻቸውም።

ከአምስት ወር በኋላ በአንድ ረቡዕ ቀትር ላይ በፓክ ዋርሲቶ ቤት በኩል ሳልፍ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው የርግብ ጎጆ በቀርከሃ ሲሠሩ አገኘኋቸው።

«ስልክዎስ?» አልኳቸው።

«ዛሬ ተረኛዋ ሬትኖ ናት። ነገ እኔ ነኝ።»

እነዚያ ሦስት ትንንሽ ጥያቄዎች ያመጡት ለውጥ ይህ ነው። ገበሬው ራሱ ከመደወሉ በፊት ላሙን አይቶ መልሱን ያዘጋጃል። መጠበቅ የሚችለው ይጠብቃል፤ የማይችለው ደግሞ ንቁ ሐኪም ያገኛል። ከዚያ ማክሰኞ ወዲህ ሐኪም በመዘግየቱ የሞተ ጥጃ የለም። ፓክ ዋርሲቶም ምሳቸውን ተቀምጠው ይበላሉ። ሐኪም ሲያርፍ ከብቱን የረሳ የሚመስለን ሁሉ ተሳስተናል፤ ለነገዋ ላም እጁን እያዘጋጀላት ነው።

«ታዲያ ኮራ አሉዎት?»

«ብለዋል እንጂ! ቡ ፓይነም ናቸው ያሉት» አሉ እየሳቁ። «ግን ነገ እንድመጣላቸው ቀጥረውኛል።»

የመጨረሻዋን የቀርከሃ ስንጥር በቀዳዳዋ አስገቡ፣ በአውራ ጣታቸው ጫን አድርገው አጠበቋትና ቢላዋውን ከጎናቸው አስቀመጡት።