ከምንጩ በታች

ያን ቀን ከእነዚህ ሁለት ሰዎች ጋር ያገናኘኝ የናፍጣ መጥፋት ነው። አውቶቡሳችን አንዲት ትንሽ ከተማ መሐል ቀጥ ብሎ ቆመ። ሾፌሩ ሁለት ባዶ ጀሪካን አንጠልጥሎ ወደ ማደያው ወረፋ ሲሄድ «ተጫወቱ፣ አሁን መጣሁ» ብሎን ነበር። «አሁን» ያለው ሁለት ሰዓት ሞላው። ጉሙ ከኮረብታው ወርዶ በመጀመሪያ ሱቆቹን፣ ቀጥሎ መንገዱን፣ በመጨረሻም የአውቶቡሱን አፍንጫ ደበቀብን። ግማሹ ተሳፋሪ ሻይ ፍለጋ ወረደ፤ ግማሹ አንቀላፋ። እኔም በእንቅልፍና በንቃት መሐል ሆኜ፣ አውቶቡሱ ያለ ሞተር በነጭ ባሕር ላይ ቀስ እያለ የሚንሳፈፍ ይመስለኝ ነበር። ደስም ይል ነበር።

«ያንጠባጥባል» አለ አንድ ድምፅ።

ዞር ብል ከመተላለፊያው ማዶ የተቀመጡ ሽማግሌ ናቸው። ዓይናቸውን እንደጨፈኑ ነው።

«ምኑ ነው አባቴ?»

«ከእግርዎ ሥር ያለው የውሃ ዕቃ። ክዳኑ በደንብ አልገጠመም።»

ጎንበስ ብዬ ባየው እውነትም ቦርሳዬ ርሷል። በመስኮቱ በኩል አጠገባቸው የተቀመጠች ወጣት ሴት ሳቋን ዋጥ አድርጋ፣ «ይቅርታ ያድርጉልን ጌታዬ» አለችኝ። «አጎቴ ቧንቧ ሠራተኛ ናቸው። አርባ አራት ዓመት ጠብታ ሲያዳምጡ ኖረው፣ አሁን ሳይፈልጉም ይሰማቸዋል። በሰፈራችን ጋሽ ጠብታ ነው የሚባሉት።»

እኔም ሠላሳ አንድ ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማርኩ ጡረተኛ መሆኔን ነገርኳቸው። መምህር ጡረታ ቢወጣ አመሉ አይወጣም፤ ወዲያው የት እንደሚሄዱ፣ ለምን እንደሚሄዱ ጠይቄ ነገሩን ሁሉ አወጣጣሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአገሪቱ ድፍድፍ ነዳጅ ከሚወጣበት ሜዳ ተነሥቶ በአቅራቢያው ካለው ባሕር ዳር መርከብ ላይ ይጫናል። መርከቡ ሁለቱን ባሕሮች በሚያገናኘው ጠባብ ሰርጥ አልፎ፣ ዞሮ፣ በወዲያኛው ባሕር ዳር ካለው ማጣሪያ ያደርሰዋል። ከሦስት ሳምንት በፊት በዚያ ሰርጥ ውስጥ ሁለት መርከቦች በጉም ተጋጭተው አንደኛው መተላለፊያው ላይ አግድም ሰጠመ። መንገዱ ተዘጋ፤ ናፍጣም ጠፋ። ወጣቷ መሐንዲስ ናት። መሥሪያ ቤቷ ከነዳጁ ሜዳ እስከ ማጣሪያው በኮረብቶቹ ላይ የሚያልፍ የብረት ቧንቧ ሊዘረጋ ይፈልጋል። ቧንቧው በአጎቷ መሬት ማለፍ አለበት። በዚያ መሬት ላይ ደግሞ አርባ ቤት የሚጠጣው ምንጭ አለ። ሽማግሌው አምስት ወር ሙሉ አልፈርምም ብለዋል። መሥሪያ ቤቱም ብልጥ ነውና አጎቷ መሆናቸውን ሲሰማ እሷኑ ላካት። ዛሬ ወደ መሬት ጽሕፈት ቤቱ አብረው የሚሄዱት፣ እሷ ሊፈርሙ ይሆናል ብላ፣ እሳቸው ደግሞ እንቢታቸውን ፊት ለፊት ሊናገሩ ነው።

ይህን ስሰማ እጄ አላርፍ አለኝ። ጉም ባደበዘዘው መስታወት ላይ በጣቴ ሁለቱን ባሕሮችና ሰርጡን ሣልኩ።

«ጋሽ ጠብታ፣ ይህችን ጉሮሮ ይመልከቱ» አልኳቸው። «አንድ አጥንት ቢሰነቀርባት አገር ይታነቃል። ቧንቧው ከተዘረጋ ግን ሰርጡን ከነጭራሹ እንገላገለዋለን።»

«መምህር፣ እሱ እንኳ ልክ አይደለም» አለች መሐንዲሷ በትሕትና። «ቧንቧው የሚችለው አሁን በመርከብ ከሚያልፈው ሦስት እጅ አንዱን ነው። የቀረው እንደ ድሮው በሰርጡ ነው የሚሄደው። ደግሞ ቧንቧም ይቆረጣል፤ የመሬት መንሸራተት አለ፣ ክፉ ሰው አለ፣ ወጪውም ከባድ ነው። እኔ ሁለተኛ በር ይኑረን ነው የምለው። የመጀመሪያው በር ይዘጋ አላልኩም።»

ሽማግሌው ዓይናቸውን ገለጥ አድርገው አዩኝ። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባላል፣ መምህር» አሉኝ። ሳቅሁ እንጂ ነገሩ ቆጥቁጦኛል። የሣልኩት ሰርጥ በመስታወቱ ላይ ውሃ ሆኖ እየወረደ ነበር።

«አንቺ እውነት ተናጋሪ ነሽ፤ ስለዚህ እኔም እውነቱን ልንገርሽ» አሏት። «መርከብ ሲሰበር ዓለም ያየዋል። ይጮኻል፣ ይሯሯጣል፣ ይጠርጋል። ቧንቧ ግን አፈር ለብሶ ነው የሚያፈሰው። እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ነው። አንድ ቀን ከምንጩ ስትቀጂ ሽታው ይለወጥብሻል፤ ያን ጊዜ የሚደረግ ነገር የለም። ናፍጣ ቢጠፋ ተመልሶ ይመጣል። የተበላሸ ምንጭ ግን ማን ይመልሰዋል?»

«አጎቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። የምንጩን ውሃ ወደ መንደሩ የሚስበው ሞተር ከቆመ ስንት ቀኑ ነው?»

«አሥራ ሁለት።»

«ለምን ቆመ?»

«ናፍጣ የለማ።»

«እናቴ በቀን ስንቴ ወደ ምንጩ ትወርዳለች?»

እናቷ የእሳቸው እህት ናቸው። «አራቴ» አሉ። «ትናንት ዳገቱ አጋማሽ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ጉልበቷ…»

«እንግዲያው ምንጩ ዛሬም ከሰርጡ ጋር የታሰረ ነው። አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም ብለው ያሳደጉኝ እርስዎ ነዎት። ይኸው አገሩ በአንድ ዓይኑ ሲጫወት ኖሮ አፈር ገባበት።»

ይህ ጥሩ ምት ነበር፤ በልቤ አጨበጨብኩላት። ሽማግሌው ግን በቀላሉ የሚረቱ አይደሉም። ቧንቧው ቢያፈስ በምን ታውቂዋለሽ አሏት። በየሃያ ኪሎ ሜትሩ መዝጊያ እንዳለ፣ ግፊቱ ሲቀንስ በራሱ እንደሚዘጋ አስረዳቻቸው።

«ግፊት የሚቀንሰው ብዙ ሲፈስ ነው። ጠብታውንስ?»

ትንሽ አሰበች። «ጠብታውን መሣሪያው ሁልጊዜ አያየውም» አለች።

«አያየውም።»

«ግን ከመቅበራችን በፊት ውሃ ሞልተን፣ በኃይለኛ ግፊት አስጨንቀን፣ አንድ ቀን ሙሉ እንፈትነዋለን።»

«እኔ የአንድ ቤት ቧንቧ ስቀብር ሦስት ቀን ነው ቦዩን ክፍት የምተወው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።» ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ። «እስቲ የት እንደሚያልፍ አሳዪኝ።»

ለካስ በአምስት ወር ውስጥ ይህን ያሳያቸው አልነበረም። የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች በመጡ ቁጥር የሚያሳዩዋቸው የሚፈርሙበትን ቦታ ነው። መሐንዲሷ ካርታውን ከማኅደሩ አውጥታ በሦስታችን ጉልበት ላይ ዘረጋችው። እኔም ለአንዴ እንኳ ጠቀምኩ፤ የከፍታ መሥመሮቹ ሲጠጋጉ ዳገት፣ ሲራራቁ ሜዳ መሆኑን ነገርኳቸው። ሽማግሌው በአውራ ጣታቸው ቀስ እያሉ መንደሩን፣ ዳገቱን፣ የእህታቸውን ቤት አገኙ። በገዛ አገራቸው ላይ እንደ ወፍ የሚበሩ ይመስሉ ነበር። ፊታቸው በራ። ከዚያ ምንጩን አገኙና ጣታቸው ቆመ።

«ይህ ቀዩ መሥመር ቧንቧው ነው?»

«አዎ።»

«ከምንጩ በላይ?»

«በኮረብታው ጫፍ ላይ ነው የሚያልፈው። ጫፉ ደረቅ ድንጋይ ነው፣ አጎቴ። ሦስት ቦታ ቆፍረን ጠብታ ውሃ አላገኘንም። ለዚህ ነው የመረጥኩት።»

«የመረጥሽው አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

ሽማግሌው ለረጅም ጊዜ ካርታውን አዩ። ሲናገሩ ድምፃቸው ቁጣ አልነበረበትም።

«እኔ ገና ሥራ ስጀምር፣ ዝናብ በዘነበ ቁጥር ምንጩ ለምን እንደሚደፈርስ ግራ ገባን። ጫፉ ላይ፣ እዚህ ጋ፣ አንድ ስንጥቅ አለ። ሰው ሲያየው የቀበሮ ጉድጓድ ነው የሚለው። በክረምት ጎርፉ ሁሉ እዚያ ይገባና ይጠፋል። ሁለት ጆንያ ገለባ ተሸክሜ ወጥቼ ከጎርፉ ጋር ለቀቅሁበት። በሦስተኛው ቀን ጠዋት እህቴ ውሃ ልትቀዳ ወርዳ እየጮኸች መጣች። ምንጩ ላይ ገለባ ተንሳፍፏል። ድንጋዩ ደረቅ ነው ያልሽው እውነትሽን ነው። ውሃውን አይዝም፤ ያሳልፈዋል።»

መሐንዲሷ ጣቷን ስንጥቁ ባለበት ቦታ ላይ አሳረፈች። በአውቶቡሱ ውስጥ ያንቀላፉት ሰዎች ትንፋሽ ብቻ ይሰማ ነበር። ከውጭ ጉሙ በመስታወቱ ላይ ያልፋል፤ ከጉሙ ውስጥ አንድ ሰው ብስክሌት እየገፋ ብቅ አለና ተመልሶ ጠፋ። እኔም በሐሳቤ ያ ገለባ ብርሃን በሌለበት ድንጋይ መሐል ሦስት ቀን ሲጓዝ ታየኝ። ከኋላው ደግሞ ጥቁርና ወፍራም ነገር በዝግታ ሲከተለው አየሁ።

«ይህን ለምን ለባልደረቦቼ አልነገሯቸውም?» አለች በመጨረሻ።

«ማን ጠየቀኝ? ፈርም ነው ያሉኝ።»

እርሳስ አወጣች። ከምንጩ በታች፣ በሸለቆው ማዶ፣ አዲስ መሥመር ቀስ አድርጋ ሳበች። ለካች። አራት ኪሎ ሜትር ይረዝማል፤ በስድስት ሰዎች እርሻ ያልፋል። «ከዚህ ቢያፈስ ወደ ታች ነው የሚሄደው። ምንጩን አይነካውም» አለች ለራሷ በሚመስል ድምፅ። ከዚያም በውሉ ወረቀት ጀርባ እንዲህ ስትል ጻፈች፦ «በጫፉ ላይ የሚያልፈውን መሥመር የመረጥኩት እኔ ነኝ። ተሳስቻለሁ። ጫፉ የምንጩ ውሃ መግቢያ ነው። መሥመሩ ከምንጩ በታች ይለፍ።» ሙሉ ስሟን ጻፈችበትና ፈረመች።

«ልጄ» አልኳት፣ «"ተሳስቻለሁ" ከምትዪ "ተጨማሪ ጥናት ያስፈልጋል" ብትዪ አይሻልም? ከሥራው ያነሡሻል እኮ።»

«ሊያነሡኝ ይችላሉ» አለች። «ግን ጥናት ያስፈልጋል ካልኩ መደርደሪያ ላይ ያስቀምጡታል። ተሳስቻለሁ ካልኩ ይለውጡታል።»

ሽማግሌው ወረቀቱን ተቀብለው ዓይናቸው ሥር አድርገው አነበቡት። ከዚያ በጣም ቀስ ብለው፣ ለሁለታችንም ሳይሆን ለመስኮቱ የሚናገሩ ይመስል ጀመሩ።

«ቧንቧን ፈርቼ አልነበረም። የምፈራው ሠሪውን ነው፤ ራሴን ስለማውቅ። የጎረቤቴን ቤት ቧንቧ የቀበርኩት እኔ ነኝ። ዝናብ እየመጣ ነበር፤ አንዱን መጋጠሚያ ሳልፈትን አፈር መለስኩበት። ስድስት ዓመት ሙሉ በመሠረቱ ሥር አፈሰሰ። ግድግዳው ሲደረመስ ጎረቤቴ ከሥሩ ነበረች። ዛሬም ታነክሳለች። ሁሉም መሬቱ ሸሸ ነው ያለው። እኔ ብቻ ነኝ ፍርስራሹን ቆፍሬ መጋጠሚያውን ያየሁት። መልሼ ቀበርኩት። ሦስት ቀን ማቆየት የጀመርኩት ከዚያ ወዲህ ነው፤ ሰው ጥንቃቄዬን ያመሰግናል። እሷ በየጠዋቱ ቀድማ ሰላም ትለኛለች።» ወደ እህታቸው ልጅ ዞሩ። «አንቺ ግን አፈር ሳይመለስበት ተናገርሽ። እንዲህ ያለ ሰው የሚቀብረውን ቧንቧ እቀበላለሁ። ብዕር ስጡኝ።»

ከፊርማቸው በፊት ቃላቸውን እንድጽፍላቸው ለመኑኝ። እኔም «የዘመናት ጨለማን ገፍፎ የሚመጣው የሥልጣኔ ጮራ…» ብዬ ብጀምር አስቆሙኝ። «ያንን ጮራ ያጥፉልኝ። የምልዎትን ብቻ ይጻፉ» አሉ። እኔም ጻፍኩ፦

«ቧንቧው በመሬቴ እንዲያልፍ ፈቅጃለሁ። ከምንጩ በታች ይለፍ። ቦዩ ሳይደፈን ሦስት ቀን ይፈተን። ጠብታን መሣሪያ ስለማያየው፣ በየሳምንቱ መሥመሩን በእግሩ የሚሄድ ሰው ከመንደሩ ይቀጠር። ስድስቱን ባለ እርሻዎች እኔ አነጋግራለሁ። ይህን የፈቀድኩት ሰርጡ በተዘጋ ጊዜ ከሦስት እጅ አንዱ ነዳጅ እንኳ ቢደርስ፣ የውሃው ሞተር፣ የክሊኒኩ መብራት፣ ወፍጮውና አውቶቡሱ ሥራ ስለማይፈቱ ነው። በሰርጡ የሚጋፉት መርከቦችም ቢቀንሱ መጋጨቱ ይቀንሳል። እህቴም በዚህ ዕድሜዋ ዳገት በእንስራ አትወጣም።»

ሠላሳ አንድ ዓመት ስለ ሰርጥና ስለ ባሕር ሳስተምር እንዲህ ያለ ጥርት ያለ ትምህርት ሰጥቼ አላውቅም። የተማረው ያልተማረውን ሊያስረዳ ሲሄድ በመንገዱ መጠየቅ እንዳለበት፣ ጠያቂም ሲመጣ ሽማግሌው የሚያውቀውን ደብቆ እንቢ ብቻ ማለት እንደሌለበት፣ ያን ቀን ከሁለቱም ተማርኩ። አዲስ ነገር ለአገር የሚበጀው እንዲህ ሲሆን ነው፤ ብረቱ ከአንዱ፣ የአፈሩ ዕውቀት ከሌላው።

ሾፌሩ ጀሪካኖቹን ይዞ ከጉሙ ውስጥ ወጣ። አንደኛው ባዶ ነው፤ አንደኛው ግማሽ። ጽሕፈት ቤቱ እስካለበት ከተማ ያደርሰናል አለ። ሞተሩ ሲነሣ የተኙት ሁሉ ነቁ። ጋሽ ጠብታ ግን ብድግ ብለው የፈረሙበትን ወረቀት ለእህታቸው ልጅ ሰጧትና ወደ በሩ ሄዱ።

«አጎቴ፣ ወዴት ነው? ጽሕፈት ቤቱ እኮ ገና ነው።»

«ወረቀቱን አንቺ አድርሺ። ፈርሜያለሁ፤ እኔ ምን አደርጋለሁ?»

«በዚህ ጉም ወደ ቤት በእግርዎ ሊመለሱ? ነገ አብረን እንመለስ የለም?»

ደረጃው ላይ ቆመው ኮታቸውን ቆለፉ።

«ነገ ጠዋት ያቺ ጎረቤቴ ቀድማ ሰላም ሳትለኝ መድረስ አለብኝ» አሉና ወረዱ።